ቀላል የተባለው የስፖርት ዊልቸር ስገፋው ለምን ከበደኝ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው። ዕድሜዬ 26 ሲሆን፣ በመኪና አደጋ 10ኛው የደረት አከርካሪዬ ላይ ጉዳት ስለደረሰ እግሮቼን አላንቀሳቅስም። በዕለት ተዕለት ዊልቸሬ ቅርጫት ኳስ ስጫወት ቆይቼ፣ በቅርቡ ለቡድናችን በልገሳ ከመጡት ያገለገሉ የስፖርት ዊልቸሮች አንዱ ደረሰኝ። ሁሉም ቀላል ነው ይሉኛል፤ ሲያነሱትም በእርግጥ ቀላል ነው። እኔ ስገፋው ግን ከአሮጌው ይብሳል፤ ከልምምድ በኋላም ትከሻዬን ያመኛል። የፊት ትንንሽ ጎማዎቹ ተሰባብረው ስለመጡ ብየዳ ቤት ወስደን ተለቅ ያሉ የሆስፒታል አልጋ ጎማዎች አስገጥመንለታል። መቀመጫው 42 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ የእኔ ዳሌ 34 ነው። ድክመቱ የእኔ ነው ወይስ የወንበሩ?»

ምላሽ፦ ጠያቂያችን፣ ወንበሩን በዓይኔ ሳላይ ቁርጥ ያለ ፍርድ መስጠት ባይገባኝም፣ በጥያቄዎ ያሰፈሯቸው ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የተቀየሩት የፊት ጎማዎችና የመቀመጫው ስፋት፣ የሚሰማዎትን ክብደት ለማስረዳት በቂ ናቸው። ወንበሩ ሲሠራ በሌላ ሰው ገላ ተለክቶ ነበር፤ እዚህ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ፊቱ ተነካክቷል። ስለዚህ ጡንቻዎን ከመጠራጠርዎ በፊት ሜትር ይዘው ወንበሩን እንዲለኩ እመክራለሁ።

በመጀመሪያ አንድ መሠረታዊ ነገር ላስቀድም። ዊልቸርን በእጅ መግፋት ከጉልበት አጠቃቀም አንጻር እጅግ አባካኝ ሥራ ነው። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሰውነቱ ካቃጠለው ኃይል ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉን ወደ እንቅስቃሴ ሲለውጥ፣ ዊልቸር የሚገፋ ሰው የሚለውጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው። እጅ የመግፊያውን ቀለበት የሚገፋው በዙሪያው ጥቂት ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው ጊዜ ክንድን ወደ መነሻው በመመለስ ያልፋል፤ በዚያ ላይ ትከሻ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንዲዞር እንጂ ቀኑን ሙሉ ሸክም እንዲገፋ የተበጀ መገጣጠሚያ አይደለም። የሚባክነው ይህን ያህል ከሆነ፣ በወንበሩ አቀማመጥ ላይ የምትደረግ የሁለት ሴንቲ ሜትር ለውጥ እንኳ በተጫዋቹ ትንፋሽና በትከሻው ላይ ወዲያውኑ ትታወቃለች።

ክብደትን በተመለከተ የቡድን ጓደኞችዎ የሚሉት ሐሰት ባይሆንም ከሚገባው በላይ ተጋንኗል። ለምሳሌ እርስዎ 55 ኪሎ፣ አሮጌው ወንበር 16 ኪሎ፣ አዲሱ ደግሞ 11 ኪሎ ይመዝናሉ ብንል፣ የሚገፋው ጠቅላላ ክብደት ከ71 ወደ 66 ኪሎ ይወርዳል ማለት ነው፤ ይህም 7 በመቶ ገደማ ነው። በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ከመሬት የሚመጣው ተቃውሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ፍጥነት ለመጨመርና ለመቆምም ይረዳል። ነገር ግን ጎማው ነፋስ ካነሰው ወይም አቅጣጫው ከተዛባ ይህ ትርፍ ተመልሶ ይጠፋል፤ እንዲያውም ወደ ኪሳራ ይለወጣል። እኔ የምጠረጥረውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ፊት ጎማዎቹ እንምጣ። የስፖርት ዊልቸር የኋላ ትልልቅ ጎማዎች ከላይ ወደ ተጫዋቹ ይጠጋሉ፣ ከታች ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ይህ ዘመምታ ካምበር የሚባለው ሲሆን፣ በዕለት ተዕለት ወንበር ላይ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ፣ በቅርጫት ኳስ ወንበር ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይሆናል። እንዲህ የዘመመ ጎማ ቀጥ ብሎ ከቆመው የሚለይበት አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ የወንበሩ ፍሬም ከፊት ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር አክስሉ (ጎማው የሚሽከረከርበት ዘንግ) አብሮ ስለሚዞር ሁለቱ ጎማዎች ትይዩነታቸውን ያጣሉ። ፊቱ ከፍ ሲል ጎማዎቹ ከፊት በኩል ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ወደ ውስጥ ይገጥማሉ። የዕለት ተዕለት ወንበር ካምበሩ ኢምንት ስለሆነ የፊት ጎማ ቢቀየርበትም ይህ ጣጣ እምብዛም አይታይበትም፤ ብየዳ ቤቱም ሊገምተው የሚችል ነገር አልነበረም።

ልኩን በቁጥር እንየው። የአልጋው ጎማ ከቀድሞው በዲያሜትር 3 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ የወንበሩ ፊት በ1.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ አክስል ያለው ርቀት 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ፍሬሙ ወደ ኋላ 2 ዲግሪ ያህል አጋደለ ማለት ነው። ካምበሩ 20 ዲግሪ በሆነ ወንበር ላይ ይህ ማጋደል እያንዳንዱን ጎማ በዲግሪ ሦስት አራተኛ ያህል ወደ ውጭ ያዞረዋል፤ የጎማው ዲያሜትር 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሁለቱ ጎማዎች ፊትና ኋላ መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ልዩነት ይፈጠራል። አንዱ ጎማ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ሊሄድ እየፈለገ ፍሬሙ አስገድዶ ቀጥ ስለሚያደርጋቸው፣ ሁለቱም በየሜትሩ መሬቱን ወደ ጎን እየፋቁ ይጓዛሉ። ያን ፍቅታ የሚከፍለው ትከሻዎ ነው። ጎማው ሳያረጅ ገጹ ካለቀ ወይም በጣትዎ ሲዳስሱት የላስቲክ ዱቄት ካገኙበት ጥርጣሬው ይጠናከራል።

ለማረጋገጥ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ጎማዎቹን በደንብ ያስነፉ፤ ወንበሩን በለጥ ባለ ሲሚንቶ ላይ አድርገው ይቀመጡበት፤ ባዶውን መለካት ያሳስታልና። ሁለት ጓደኞችዎ ሜትሩን ከግራና ከቀኝ ይዘው፣ ከመሬት በአክስሉ ከፍታ ልክ፣ በመጀመሪያ በጎማዎቹ የፊት ጠርዝ መካከል፣ ቀጥሎ በኋላ ጠርዛቸው መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው፤ የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት አያሳስብም፤ የሴንቲ ሜትር ልዩነት ግን ምክንያቱን አገኘነው ማለት ነው። በዚያው አጋጣሚ ወደ ኋላ እንዳይገለበጡ ከወንበሩ ጀርባ የተገጠመችውን ትንሽ ጎማ ይመልከቱ። ፍሬሙ ወደ ኋላ ሲያጋድል እሷ ዝቅ ስለምትል፣ ከመሬት በመጠኑ ከፍ ብላ መጠበቅ ሲገባት አሁን ክብደትዎን ተሸክማ እየተጎተተች ሊሆን ይችላል።

የአልጋ ጎማ ራሱም ለዚህ ሥራ አልተሠራም። የሚገፋው በቀስታ ነው፤ ኩሽኔታው ለፍጥነት አልታሰበም፤ ሰፋ ስለሚልም ወንበሩ በዞረ ቁጥር ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። በብዙ የቅርጫት ኳስ ወንበሮች ላይ የሚገጠሙት የፊት ጎማዎች ግን ከስኬቲንግ ጫማ ጎማ ጋር አንድ ዓይነት ናቸው፤ ዲያሜትራቸው ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ውስጣቸው ያለው ኩሽኔታ ቁጥሩ 608 የሆነው፣ የውስጥ ቀዳዳው 8፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ካገለገለ የስኬቲንግ ጫማ ላይ ጎማና ኩሽኔታውን አንድ ላይ ማግኘት ይቻላል። የፊት ጎማውን የሚይዘው የቀድሞው ሹካ ካልተጣለ እሱኑ መልሰው ያስገጥሙ። ይህ ካልተሳካ ሁለተኛው አማራጭ የካምበሩን ቱቦ፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹ ከግራና ከቀኝ የሚሰኩበትን አግዳሚ ቱቦ፣ የያዙትን ብሎኖች ላላ አድርጎ፣ የፊትና የኋላ ልኬቱ እኩል እስኪሆን ቱቦውን በጥቂቱ ማዞርና መልሶ ማጥበቅ፣ ከዚያም የጀርባዋን ትንሽ ጎማ ከፍ ማድረግ ነው። ቱቦው ከፍሬሙ ጋር የተበየደ ከሆነ ግን ይህ ስለማይሠራ ትክክለኛውን የፊት ጎማ ከመፈለግ ሌላ መንገድ የለም። በምንም ምክንያት ቱቦውን አስቆርጠው እንደገና አያስበይዱ፤ ፍሬሙ አሉሚኒየም ከሆነ ተራ ብየዳ ያዳክመዋል፤ በግጭት ጊዜም ከዚያው ቦታ ይሰበራል።

የመቀመጫው ስፋት ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ከዳሌዎ 8 ሴንቲ ሜትር ስለሚሰፋ በየጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ አለ። ይህ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛው፣ ቀለበቶቹ ከትከሻዎ መስመር ውጭ ስለሚርቁ ክንዶችዎ እንደ ክንፍ ተከፍተው ይገፋሉ፤ የትከሻ ጅማቶች በአጥንት መካከል የሚቆነጠጡት በአብዛኛው በዚህ ዓይነት አኳኋን ነው። ሁለተኛው፣ ለመዞር ሰውነትዎን ሲያወዛውዙ በመጀመሪያ ዳሌዎ በመቀመጫው ውስጥ ይንሸራተታል፤ ወንበሩ የሚከተለው ዘግይቶ ነው። ጥሩ የስፖርት ወንበር እንደ ልክ ጫማ ዳሌን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ተጫዋቹ ወገቡን ሲያዞር ወንበሩም በዚያው ቅጽበት ይዞራል።

ባዶውን ቦታ በጠጣር ስፖንጅ ሞልቶ፣ በጭንና በጉልበት ላይ በሚታሰር ቀበቶ ማጥበቅ ሁለተኛውን ችግር ይፈታል፤ የመጀመሪያውን ግን አይፈታውም፤ ቀለበቶቹ ባሉበት ይቀራሉና። ስለዚህ ከስፖንጁ በፊት አሰልጣኝዎን አንድ ነገር እንዲጠይቁ እፈልጋለሁ። በልገሳ የመጡ ወንበሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚከፋፈሉት በዕጣ ወይም በነባርነት ነው፤ ነባሩ ተጫዋች አዲስ የሚመስለውን ይወስዳል፣ የቀረው ለተረፈው ይደርሳል። የሁሉም ወንበር የመቀመጫ ስፋትና የሁሉም ተጫዋች ዳሌ ተለክቶ በአንድ ወረቀት ላይ ቢሰፍር፣ በ42ቱ ላይ ልክ የሚገባ ሰው በእናንተው ቡድን ውስጥ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው፤ የእሱ ወንበር ደግሞ ለእርስዎ ይስማማ ይሆናል። ለእርስዎ ተስማሚ የሚሆነው በስፖርት ሱሪዎ ላይ ተለክቶ ከ34 እስከ 36 ሴንቲ ሜትር ያለው ነው። ስፖንጅ ካስገቡ ግን ከ10ኛው የደረት አከርካሪ ጉዳት በታች፣ ማለትም ከእምብርት አካባቢ ጀምሮ፣ ስሜቱ ስለሚጎድል መፋተጉ ሳይሰማዎት ቁስል ሊጀምር ይችላል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ዳሌዎንና መቀመጫዎን በመስታወት ይመልከቱ፤ ተጭነው የማይጠፋ መቅላት ወይም መጥቆር ካዩ በዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ያቁሙ።

ከስፋቱ ቀጥሎ ከፍታው ይመጣል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው እጅዎን በቀለበቱ ጫፍ፣ ማለትም ከሁሉ ከፍ በሚለው ነጥብ ላይ ያስቀምጡና ክርንዎን ከጎን ሰው ይይልዎት። ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ክንድ 180 ዲግሪ ነው ብንል፣ ክርኑ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሲሆን ለተመሳሳይ ሥራ የሚወጣው ጉልበት ዝቅ እንደሚል በኔዘርላንድ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። መቀመጫው ከዚህ ከፍ ካለ እጅ ቀለበቱን የሚያገኘው ለአጭር ርቀት ስለሆነ የግፊቱ ብዛት ይጨምራል፤ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ትከሻ ወደ ጆሮ እየተሰቀለ ይገፋል። ቅርጫት ኳስ ይህን ስሌት ያወሳስበዋል፤ ከፍ ያለ መቀመጫ ኳስ ለመወርወርም ለመንጠቅም ይጠቅማልና። በዊልቸር ቅርጫት ኳስ እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ አካላዊ አቅሙ የምደባ ነጥብ ይሰጠዋል፤ አቅሙ ባነሰ ቁጥር ነጥቡም ያንሳል። የዓለም አቀፉ ደንብ ከ1.0 እስከ 3.0 ነጥብ ላላቸው ተጫዋቾች እስከ 63፣ ከ3.5 እስከ 4.5 ላላቸው እስከ 58 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ከፍ ማለት የተፈቀደላቸው ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸው ተጫዋቾች ብዙዎቹ ዝቅ ብለው መቀመጥን ይመርጣሉ፤ ወገባቸውን የሚያቆም ጡንቻ ስለሚያንሳቸው ከፍታው ሚዛናቸውን ይነሳቸዋል። የእርስዎ ጉዳት ከዚህ ወገን ስለሚያደርግዎት፣ ለከፍታ ሲሉ የክርኑን ማዕዘን እንዳይሠዉ እመክራለሁ።

የሆድና የወገብ ጡንቻ የጎደለውን ሚዛን በከፊል የሚተካው የመቀመጫው ዝንባሌ ነው። የመቀመጫው የኋላ ክፍል ከፊቱ ዝቅ ሲል ጉልበት ከዳሌ ከፍ ይላል፤ ገላም ወደ ጀርባ መደገፊያው ይሰበሰባል። ነገር ግን በዛ ካለ ለመነሻ ፍጥነት ወደ ፊት መጎንበስ ያስቸግራል፤ በ10ኛው አከርካሪ ላይ የተጎዳ ሰው ደግሞ ከላይኛው የሆድ ጡንቻው የተረፈው ቀላል ስላልሆነ እሱን የሚያሠራ መጠነኛ ዝንባሌ ይበቃዋል። አክስሉን ከፊትና ከኋላ አንጻር ማስተካከል የሚቻልበት ወንበር ከሆነ ደግሞ፣ አክስሉ በትከሻዎ ትይዩ እስኪሆን ወደ ፊት ቢያመጡት ይጠቀማሉ። ክብደትዎ ከትንንሾቹ ጎማዎች ወደ ትልልቆቹ ስለሚዛወር የመሬቱ ተቃውሞ ይቀንሳል፤ እጅዎ ቀለበቱን ለረጅም ርቀት ይዞ ይገፋል፤ መዞርም ይቀላል። ዋጋው ወደ ኋላ የመገልበጥ ስጋት ነው፤ ያቺ የጀርባ ጎማ የተገጠመችውም ለዚህ ነው።

ካምበሩን ለማብዛት ወይም ለመቀነስ አስበው ከሆነ አይቸኩሉ። ዘመምታው ወንበሩን ወደ ጎን እንዳይገለበጥ ያጸናዋል፤ በግጭት ጊዜ እጅን ይጠብቃል፤ ለመዞር ያፈጥናል። ሲበዛ ግን ይጎዳል፤ በእንግሊዝ የላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 15፣ 18፣ 20 እና 24 ዲግሪን በተጫዋቾች ላይ ሲያወዳድሩ፣ በ20 ሜትር ሩጫ 18 ዲግሪ ከ24 ዲግሪ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በተጨማሪም እንዲህ ያለ ወንበር በብዙ በር አይገባም፤ ባጃጅ ላይ የሚጫነውም ጎማዎቹ ከተፈቱ በኋላ ነው። ለሜዳ እንጂ ለመንገድ አያውሉት፤ ወደ ልምምድ የሚሄዱበት አሮጌው ወንበርዎ ይቆይልዎት።

የኋላ ጎማ ለመቀየር ሲያስቡ ቁጥሩን ሳያዩ አይግዙ። ሐዋሳ የብስክሌት ከተማ ስለሆነች ጎማ አይጠፋም፤ ችግሩ መመሳሰሉ ነው። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ውስጥ ባለ ሦስት አኃዙን ቁጥር ይፈልጉ። በዊልቸር አምራቾች ዘንድ 24 ኢንች የሚባለው ቸርኬ 540 ነው፤ 24 ኢንች የሚባለው የማውንቴን ባይክ ጎማ ግን 507 ስለሆነ አይገባለትም። የዊልቸሩ 25 ኢንች 559 ሲሆን ይህ 26 ኢንች ከሚባለው የማውንቴን ባይክ ጎማ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ወንበርዎ ባለ 559 ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ጥርስ የሌለውን ቀጭኑን ይምረጡ። የዊልቸሩ 26 ኢንች ደግሞ 590 ነው። የነፋሱን ልክ ጎማው ራሱ ጎኑ ላይ ጽፎታል፤ የስፖርት ጎማ ብዙ ጊዜ ከ100 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ስለሚፈልግ በእጅ ተጭኖ «ጠንክሯል» ማለት አይበቃም። እሾህ ሰልችቶን ጠጣር ጎማ እናስገጥም የሚል ሰው በየቡድኑ አይጠፋም፤ ለገበያ መሄጃ ይሁን፣ ለውድድር ግን ከባድ ነው።

አንዳንድ ተጫዋቾች የሩጫ ዊልቸር ትንሽ ቀለበት አይተው ያንን ማስገጠም ይመኛሉ። ቦብ ሆል እ.ኤ.አ. በ1975 የቦስተን ማራቶንን በዊልቸር በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሲጨርስ፣ ማርሴል ሁግ በ2021 ጃፓን ኦይታ ላይ 1:17:47 ገብቷል፤ ይህም በአማካይ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ ሁሉ የወንበሩ ነው ባይባልም፣ ሦስት ጎማ ያለው ረጅሙ ወንበርና ትንሹ ቀለበት ድርሻቸው ትልቅ ነው። በዚያ ፍጥነት ዋናው ባላጋራ አየር ሲሆን፣ በቅርጫት ኳስ ሜዳ ፍጥነት ግን ዋናው ባላጋራ መሬቱ ነው። ትንሽ ቀለበት እንደ ብስክሌት ከባድ ማርሽ ነው፤ ከተነሱ በኋላ ያስሮጣል፣ ለመነሳት ግን ያስጨንቃል፤ ቅርጫት ኳስ ደግሞ አብዛኛው መነሳትና መቆም ነው።

ስለ ትከሻዎ፦ ወንበሩ እስኪስተካከል ልምምዱን በፍጥነት ሩጫ ሳይሆን በኳስ ቅብብልና በውርወራ ይያዙት። ሲገፉ አጫጭር ግፊት ከማብዛት ረዘም አድርገው ይግፉና፣ በመመለሻው ላይ እጅዎን ከቀለበቱ በታች ዘና አድርገው ይመልሱ። ገፊ ጡንቻዎች በየቀኑ ስለሚሠሩ ሚዛኑን የሚጠብቀው የሳቢዎቹ ልምምድ ነው፤ ላስቲክ በምሰሶ ላይ አስሮ ክርንን ወደ ኋላ መሳብ ለዚህ ጥሩ ነው። ሕመሙ ሌሊት የሚቀሰቅስዎት ከሆነ፣ ክንድዎን ወደ ላይ ማንሳት ካቃተዎት፣ ወይም ከጉዳትዎ ደረጃ በላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ መደንዘዝ ወይም ድካም ካስተዋሉ ወንበሩን ተወት አድርገው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ በተለይ የመጨረሻው ምልክት የአከርካሪ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነው።

ለውጦቹን ሁሉ በአንድ ቀን አያድርጉ፤ የትኛው እንደጠቀመዎት አይታወቅምና። በመጀመሪያ የፊት ጎማውን፣ ከዚያ ስፋቱን፣ በመጨረሻ ከፍታውንና አክስሉን ያስተካክሉ። ከእያንዳንዱ በፊትና በኋላ ሁለት ፈተና ያድርጉ፤ አንደኛው ከቆሙበት ተነስተው 20 ሜትር የሚገፉበት ሰዓት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአንድ ዝቅተኛ መወጣጫ ላይ ጓደኛዎ ሳይገፋ ሲለቅቅዎት ወንበሩ ተንከባልሎ የሚቆምበት ርቀት ነው። ሁለተኛው የጡንቻዎ ድካም ስለማይገባበት ስለ ወንበሩ ብቻ ይናገራል፤ አሮጌውን ወንበርም በዚያው መወጣጫ ላይ ቢፈትኑት ለጥያቄዎ መልሱን ከእኔ በተሻለ ይሰጥዎታል። ማንኛውንም ብሎን ከመፍታትዎ በፊት የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ ለውጡ ካልተስማማዎት ወደ ቀድሞው መመለስ የሚችሉት ያን ጊዜ ነው።